የአባቴ ካርዶች

አባቴ ያረፈው ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነው። አርባው ከወጣ በኋላ እኅቴ ደወለችና «ሣጥኑን አንተ ክፈተው፤ እኔ አንጀቴ አልቻለም» አለችኝ። ከጀሞ ተነሥቼ ጎፋ ስደርስ ሣጥኑ እንደ ወትሮው አልጋው ሥር ነበር፤ ልጆች ሳለን እንዳንነካው የምንከለከለው፣ ማዕዘኖቹ የዛጉ የቆርቆሮ ሣጥን። ከላይ የክት ጋቢው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከጋቢው ሥር የጡረታ ደብተሩ፣ የእናቴ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የብዙ ዓመት የቤት ኪራይ ደረሰኞች። ከሁሉም በታች ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ የታሰረ አንድ ጥቅል አለ።

ላስቲኩ አርጅቶ ስለነበር ገና ስነካው ተበጠሰ። ቀይ ሽፋን ያለው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ የአባልነት ደብተር። የ1997 ዓ.ም. የምርጫ ካርድ። በ2000 ዓ.ም. ኢሕአዴግን ለመቀላቀል የሞላው ማመልከቻ ቅጂ። ገና ያልተሠራበት የ2013 ዓ.ም. የምርጫ ካርድ። ጠርዙ በእጅ ብዛት የወዛ የእድር ደብተር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በየዘመናቸው ደረደርኳቸው። አንድ ሰው የኖረባቸው መንግሥታት ሁሉ በአንድ ላስቲክ ታስረው ኖረዋል።

ወጣት ሳለሁ አባቴን በአንድ ቃል ሰድቤው ነበር። ቃሉ «አድር ባይ» የሚለው ነው። ይህን የምጽፈው ያንን ቃል ለማንሣት ብዬ ነው። ማንሣት እችል እንደሆነ ግን ጽፌ ሳልጨርስ አላውቅም።

*

የመጀመሪያው ፓርቲው በጥቅሉ ውስጥ የለም።

አባቴ ከሰሜን ሸዋ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጠረ፤ ማታ ማታ ይማራል። አብዮቱ ሲመጣ እንደ እኩዮቹ ሁሉ የውይይት ክበብ ገባ። የገባበት ክበብ የመኢሶን ነበር።

የዛሬ ወጣት ይህን ሲያነብ መኢሶንንና ኢሕአፓን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ አድርጎ ያስብ ይሆናል። አልነበሩም። አንደኛው በ1960 ዓ.ም. ሃምቡርግ ላይ፣ ሌላኛው በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ፣ ባሕር ማዶ በነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ምሁራን የተመሠረቱ ናቸው። የሚያነቡት መጽሐፍ አንድ ነበር፤ «መሬት ለአራሹ» ያሉትም አብረው ነው። የለያያቸው ዋናው ጥያቄ ከደርግ ጋር ምን እናድርግ የሚለው ሆነ። መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» ብሎ ለጊዜው አብሮ መሥራትን መረጠ፤ ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» አለ። በዚህ ምክንያት የአንድ እናት ልጆች ተገዳደሉ።

አባቴ ለምን መኢሶን ሆነ? አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። ትንሽ አሰበና «ክበቡ ለተከራየሁበት ቤት ቅርብ ነበር» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው ግን አልቀለደም። በዚያው ግቢ፣ በግድግዳ ብቻ የምትለየን ጎረቤት አለች፤ ዛሬም ድረስ እትዬ እያልን የምንጠራት። እትዬ ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ እሱ ደግሞ ኢሕአፓ ነበር። ኢሕአፓ የሆነውም የመጀመሪያዋን ወረቀት የሰጠው የክፍል ጓደኛው ኢሕአፓ ስለነበረ ነው። ሰው ወደ ፓርቲ የሚገባው ፕሮግራም አንብቦ፣ አመዛዝኖ ነው እንላለን። ብዙዎቻችን ግን የምንገባው በሚቀርበን በር ነው፤ ማመዛዘኑ ከገባን በኋላ ይመጣል፤ ያኔም ያለንበትን ለማጽደቅ እንጂ ለመመርመር አንጠቀምበትም።

በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ መኢሶን ከደርግ ተቆራርጦ ኅቡእ ገባ። ትናንት በየቀበሌው ኢሕአፓን ሲያሳድዱ የነበሩት ዛሬ ተሳዳጅ ሆኑ። የመሪው የኃይሌ ፊዳ መጨረሻም በደርግ እጅ መያዝና መገደል ሆነ። አባቴ ያለውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ እንጀራ በሚጋገርበት እሳት ውስጥ ጨመረው። ከመጀመሪያው ፓርቲው የወጣው እንዲህ ነው፤ መልቀቂያ አላስገባም፣ ሐሳቡንም አልለወጠም፤ ወረቀቱ አመድ ሆነ፣ እሱም ነገ ጠዋት ሥራ ገባ። ስለዚያ ዓመትና ስለ ተከታዩ ዓመት ከዚህ በላይ ነግሮን አያውቅም።

*

ቀዩ ደብተር የተሰጠው ኢሠፓ ከተመሠረተ በኋላ ነው። ፓርቲው የተመሠረተው በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነበር። አባቴ በዚያን ጊዜ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፤ በፋብሪካው ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ሆኖ ለመሾምም ስሙ ተነሥቷል። ሹመቱና ደብተሩ በአንድ ወር ውስጥ መጡ። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

በዚህች ደብተር ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ እየከፋ፣ የሶሻሊስቱ ዓለም እየፈረሰ ሲሄድ፣ ኢሠፓ ራሱ ስሙን ለወጠ። የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ተባለ፤ ቅይጥ ኢኮኖሚም ታወጀ። እንግዲህ አባቴ በ1982 ዓ.ም. አንድ እርምጃ ሳይራመድ ፓርቲ ለወጠ ማለት ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ስም ግን የድሮው ነው፤ ማንም መጥቶ አላደሰለትም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ሲገባ ደብተሯ በዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ተሸሽጋ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ሌሊት ወንበር ላይ ቆሞ ቆርቆሮውን ሲያነሣ አይቻለሁ። እንቁላል የሚፈልግ መስሎኝ ነበር።

*

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ንፋስ ስልክ ያለ ሽቦ በአየር የሚመጣውን መልእክት ለመጥራት አባቶቻችን ያወጡት ስም ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ በዚህ ስም እቀልድ ነበር፤ «አባዬ ንፋስ ስልክ ስለሚኖር ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ከሁሉም ቀድሞ ይሰማል» እላለሁ፤ ጓደኞቼ ይስቃሉ።

ለመሳቅ የሚያበቃ መዝገበ ቃላት ነበረን። አማርኛችን ወገኑን ለለወጠ ሰው ያወጣውን ስም እስኪ ቁጠሩ፤ አድር ባይ፣ ወላዋይ፣ ከሃዲ፣ ሆድ አደር፣ አንጃ፣ ተለጣፊ፣ የጊዜ ሰው። ተረቱም አለ፤ «እናቴን ያገባ ሁሉ አባቴ ነው»፣ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ»። በቅንነት ሐሳቡን ለለወጠ ሰው ግን አንዲት ቃል አላወጣንም፤ እንዲህ እንደ እኔ በሦስት ቃል ካልተናገርነው በስተቀር አይነገርም። የሚገርመው ኃጢአቱን ለተወ ሰው ንስሐ የሚል ታላቅ ቃል አለን፤ ሳውል ጳውሎስ ሆነ ብለንም እናከብራለን። በፖለቲካ ግን ሳውል እስኪሞት ሳውል ነው፤ ጳውሎስ ነኝ ካለም ምን ተከፍሎት ነው እንላለን።

የድሮዎቹ ከእኛ ይሻሉ ነበር ልበል? ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው በጦር ሜዳ ተማርከው ነው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡት። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት እኒያው ምርኮኛ ናቸው። እስኪሞቱ ድረስ ያንን ቤት ጠበቁ። ከሃዲ ያላቸው የለም። በፈረንጅ አገርም እንግሊዛዊው ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1904 ወግ አጥባቂዎቹን ትቶ ወደ ሊበራሎቹ ተሻገረ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ለቀቃቸው ተመለሰ፤ ኋላም በእነሱው ስም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ልዩነት ግን አለ። ቸርችል ሄዶ ሲመለስ ቤቱ እንደ ቆመ ነው ያገኘው። የእኛ አገር ፓርቲ ግን ዕድሜው አጭር ነው። አባቴ በኖረበት ዘመን ስንቱ ተመሥርቶ ፈረሰ! ቅንጅት አገር ያነቃነቀው ሦስት ዓመት ላልሞላ ጊዜ ነው። ስሙን ሳይቀይር የቆየውም በውስጡ ሌላ ሆኗል። አንድ ሰው በኅዳር 1973 ዓ.ም. ከኢሕአፓ ከተለዩት ታጋዮች ጋር ኢሕዴንን መሠረተ እንበል። ያ ሰው ከቦታው ንቅንቅ ሳይል በ1986 ዓ.ም. ብአዴን፣ በ2011 ዓ.ም. አዴፓ፣ በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ይሆናል። ማርክሲስት ሆኖ ጀምሮ፣ አብዮታዊ ዴሞክራሲን አስተምሮ፣ ልማታዊ መንግሥትን ሰብኮ፣ መደመርን ያጨበጭባል። ይህ ሰው ታማኝ ነው ወይስ አራት ጊዜ የከዳ? መንገደኛው ቆሞ አውቶቡሱ ሲዞር፣ ዞረ የምንለው ማንን ነው?

የሰው ዕድሜ ከአምስት ፓርቲ ዕድሜ በሚረዝምበት አገር ለአንድ ፓርቲ ዕድሜ ልክ መታመን የሚቻል ነገር አይደለም። ይህን በሃያ ሦስት ዓመቴ የሚነግረኝ ቢኖር ኖሮ ግን አልሰማውም ነበር።

*

በሃያ ሦስት ዓመቴ ቅንጅት ነበርኩ።

ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የነበረ ሰው ያንን ቀን በቃል ሊያስረዳ አይችልም። ከጎፋ በእግራችን ነው የሄድነው፤ በቄራ በኩል። ሁለት ጣት ያልተቀሰረበት እጅ አልነበረም። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ እስኪዘጋው ጮኸ። ግንቦት 7 ደግሞ እኔና አባቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተሰለፍን። አባቴ ጋቢውን አልብሶኝ እሱ በኮት ብቻ ቆመ። ተራችን የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ሲወጣ ቀለም የነካ ጣቱን ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። እስከዚያ ድረስ ምርጫ ሳይመርጥ ቀርቶ አይደለም፤ በደርግም ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ካርድ ጥሏል። ምን ለማለት እንደፈለገ ግን ገባኝ።

የአዲስ አበባ ውጤት ሲነገር ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ፤ ከተማዋ ለተወካዮች ምክር ቤት ያላትን 23 ወንበሮችም በሙሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰኔ መጣ፣ ጥቅምት 1998 መጣ። አጣሪ ኮሚሽኑ በሪፖርቱ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ሲፈቱ ቅንጅት የሚባለው ቤት ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቆ ነበር። የሞቱት ሞቱ፤ በሕይወት ያለነው ወይ ዝም አልን፣ ወይ ተሰደድን፣ ወይ ፈረምን።

በ2000 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አብሮ አደግ ጓደኛዬ ቤታችን መጣ። ያ መስቀል አደባባይ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ የጮኸው ነው። በእጁ ቅጽ ይዟል። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ የብረታ ብረት ሥራ ጀምሯል፤ የሠፈሩን ሰው የመመዝገቡን ሥራም ደርቦ ይሠራል። ከአባቴ ጋር ቡና ጠጡ። ማንም አላስፈራራም፣ ማንም አልዛተም። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቅጹን ሞላና ፈረመ።

ጓደኛዬ ከወጣ በኋላ ነው ቃሉ ከአፌ የወጣው። «አድር ባይ!» አልኩት፤ አባቴን። በዚህም አላበቃሁም። «እናቴን ያገባ ሁሉ አባቴ ነው ማለት ይኸው ነው» ብዬ ጨመርኩበት። እናቴ በሕይወት የለችም ነበር፤ ያንን ተረት በዚያ ቤት ውስጥ ማምጣት አልነበረብኝም። አባቴ ሲኒውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ያለው አንድ ነገር ነው፦

«የምንኖረው እኮ በቀበሌ ቤት ነው።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

*

በ1997 ዓ.ም. ከ1 ሚሊዮን በታች የነበረው የኢሕአዴግ አባል በሦስት ዓመት ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው በሦስት ዓመት ልቡ ተለውጦ ይሆን? አንዳንዱ በእውነት ተለውጦ ይሆናል፤ መንገድ ሲሠራ፣ ኮንዶሚኒየም ሲነሣ አይቶ፣ ወይም ከደም መፋሰስ ይሻላል ብሎ። አብዛኛው ግን ሥራው፣ ብድሩ፣ የመሥሪያ ቦታው በየት በኩል እንደሚያልፍ ጎረቤቱን እያየ የገመተ ነው። ከታዘዘው ሰው የገመተው ይበዛል። ማንም ሳይጠይቀው የሚፈርም ሰው ከራሱ ጋር ምን እንደሚነጋገር አውቃለሁ፤ ምክንያቱም እኔም ፈርሜያለሁ።

በ2003 ዓ.ም. ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የደረጃ እድገት ሊወጣ ነው ይባላል። አለቃዬ ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «አስብበት» ብቻ ብሎኝ ሄደ። አሰብኩበት። የቀበሌ ቤት አልነበረኝም፣ የማሳድገው ልጅም አልነበረኝም። በዚያው ቀን ሞላሁት። «ለመቀላቀል የፈለጉበት ምክንያት» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ ባማረ የእጅ ጽሑፍ «በድርጅቱ ፕሮግራምና ዓላማ ሙሉ በሙሉ በማመኔ» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ጎፋ ሄጄ ከአባቴ ጋር እራት በላሁ። አልነገርኩትም። እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

መውጣቴም እንደ መግባቴ ነው። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተቀየሩ በኋላ፣ ያለፈውን መውቀስ ጀግንነት መሆኑ ቀርቶ ፋሽን ሲሆን፣ እኔም መዋጮ መክፈሌን ተውኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ሻይ ቤት ተቀምጬም «ድሮም አላምንባቸውም ነበር» አልኩ። እውነት ነበር፤ እውነትነቱ ግን አሳፈረኝ።

ስለ ታላላቆቹ ሰዎች ስናወራ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከድርጅታቸው ጋር ተለያይተው በ1997 ዓ.ም. በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ሲገቡ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚገባውን ጥቅማ ጥቅም አጡ፤ ኋላ በተቃዋሚው አንድነት ፓርቲ ውስጥ ታገሉ። አቶ ገብሩ አስራት የትግራይ ክልል ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በ1993ቱ የሕወሓት መሰንጠቅ ከሥልጣን ወርደው ዓረናን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። እነዚህ ሲለወጡ የከሰሩ ናቸው፤ በኪሳራቸው እናምናቸዋለን። ሌሎች ደግሞ አሉ። ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ በወጣትነታቸው በኢሕአፓ፣ በ1997 በቅንጅት፣ ቀጥሎ በግንቦት 7፣ ከ2011 ጀምሮ በኢዜማ ታገሉ፤ በ2014 ዓ.ም. የተፎካካሪ ፓርቲ መሪ ሆነው ሳለ የብልጽግና መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር አድርጎ ሾማቸው። ይህን አንዱ ብስለት ይለዋል፣ ሌላው ሌላ ስም ይሰጠዋል።

ሰዎች ለምን እንደሚለወጡ ባሰብኩ ቁጥር የምደርስበት ነገር ቢኖር ኪሳራን መመዘኛ ማድረጋችን ነው፤ ያጣ ሁሉ እውነተኛ፣ ያገኘ ሁሉ ሐሰተኛ። መመዘኛው ለታላላቆቹ ይሠራ ይሆናል። የሚያጣው ቤት የልጆቹ የሆነ ሰው ሲመጣ ግን ሚዛኑ ይሰበራል። አባቴ እምቢ ብሎ ቢከስር ኖሮ የሚከስረው ብቻውን አልነበረም፤ እኔም እኅቴም ከነሻንጣችን መንገድ ላይ ነበርን። ጀግና አባት የፈለግሁት የጀግንነቱን ዋጋ ሌላ ሰው የሚከፍል መስሎኝ ነው።

*

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት አባቴ ታሞ ተኝቶ ነበር። ሕወሓት አልገባም አለ፤ ሌሎቹ ተዋሐዱ፤ አጋር የሚባሉትም ገቡ። ዜናውን በቴሌቪዥን አብረን አየን። አባቴ ከትራሱ ቀና ብሎ «እኔ እንግዲህ ዛሬ ምን ሆንኩ ማለት ነው?» አለኝ። «ብልጽግና ሆነሃል» አልኩት። ሳቀ። ሳሉ እስኪቀሰቀስበት ድረስ ሳቀ። «ተኝቼ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፖለቲካ ያወራንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሆኖም መጋቢት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እኅቴን ደግፊኝ ብሎ፣ በከዘራ እያዘገመ ሄዶ የምርጫ ካርድ አወጣ። ለማን ሊሰጥ እንዳሰበ አልነገራትም። ያቺ ናት ሳይሠራባት የቀረችው።

ቀብሩ ጎፋ ገብርኤል ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ወጉ ሦስት ቀን ተቀመጥን። አፍንጫና አፋችንን በጭምብል ሸፍነን ነበርና ሰውን የምንለየው በዓይኑ ነው። በዚያ ድንኳን ውስጥ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር የነበሩ ሽማግሌ አሉ። በእኒያ ሰው ዘመን ልጃቸውን ያጡ እናት አሉ። ያ ቅጹን ይዞ የመጣ ጓደኛዬ ወገቡን ታጥቆ ውሃ ያድላል። በ1998 ታስሮ የተፈታ ጎረቤታችን አግዳሚውን ያስተካክላል። እድራችን ማንንም የየትኛው ፓርቲ ነህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ የወሩን ከፍለሃል ወይ ነው የሚለው።

በሦስተኛው ቀን ማታ እትዬ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «በሰባው ዓመት ቀበሌ ሰብስበውን ነበር፤ አጋልጡ ተባለ» አሉ። «የወንድሜ ስም ተነሣ። በተራ በተራ እያስነሡ ይጠይቃሉ። አባትህን አስነሡት። ወንድሜ ቤታችን ሲገባ ሲወጣ በየቀኑ ያየዋል፤ የሚያነበውንም ያውቃል። ታዲያ ዝም አለ። በጥፊ መቱት፤ ዝም አለ። ሌላው ተናገረ፤ እሱ ግን ዝም እንዳለ ተቀመጠ።»

«ወንድምዎስ?» አልኩ።

«ወሰዱት። አልተመለሰም።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «የአባትህ ዝምታ አላዳነውም። እኔ ግን ዝም ያለውንም የተናገረውንም አልረሳሁም። እድር ስንገናኝ አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ሰላም እላለሁ፤ እጄን የምዘረጋው ግን ለአንዱ ነው።»

አንድ ነገር መጠየቅ ፈለግሁ። ልጁን አላውቀውም ሊል፣ ወይም ንጹሕ ነው ብሎ ሊከራከርለት አይችልም ነበር? እትዬ ጥያቄው ዓይኔ ላይ ታያቸው መሰለኝ፣ «ይችል ነበር» አሉ። «ይሞት ነበር። አንተም አትወለድም ነበር።»

*

ሰኔ 14 ቀን ጀሞ ውስጥ ተሰልፌ መረጥኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ የአባቴን ጥቅል ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እንደ ገና አየሁት። የእድር ደብተሩን በስሜ አዛውሬዋለሁ፤ ከጀሞ ጎፋ እየሄድኩ በየወሩ እከፍላለሁ። ቀዩን ደብተር እኅቴ ይጣል አለች፤ እኔ እምቢ አልኩ።

በዚያን ዕለት ነው የ2000 ዓ.ም. ማመልከቻውን ቅጂ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያነበብኩት። ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሥራ፤ ሁሉም በዚያ በማታ ትምህርት በተማረው ጎባጣ የእጅ ጽሑፉ ተሞልቷል። «ለመቀላቀል የፈለጉበት ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሦስት መስመር የሚያጽፍ ቦታ ነው። አባቴ የጻፈው አንዲት ቃል ነው።

«ስለተጠየቅሁ።»

ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። አምስት መንግሥት ያየ፣ በእሳት ያቃጠለ፣ በቆርቆሮ ሥር የሸሸገ፣ በብርድ ተሰልፎ የመረጠ፣ ተኝቶ የተዛወረ ሰው፣ ውሸት ጻፍ በተባለበት ቦታ ላይ ውሸት አልጻፈም። ያመነበትን ብቻ ሲከተል የኖረ ሰው አልነበረም፤ አላምንም። ፈርቷል፣ ለሹመት ብሎ ገብቷል፣ ለቤት ብሎ ፈርሟል። ያላመነበትን አምኛለሁ ብሎ ግን በፊርማው አላጸደቀም፤ በተጠየቀ ጊዜም የጎረቤቱን ልጅ ስም አልጠራም። አድር ባይ ማለት ይህ ከሆነ ቃሉን ማንሣት አያሻኝም፤ የሰጠሁት ለማይገባው ሰው እንደ ነበር ማመን ይበቃኛል። የሚገባው ሰው ሩቅ አልነበረም።

የእኔ ማመልከቻ ቅጂ የለኝም። በወቅቱ ማስቀረቱን አላሰብኩበትም፤ ምናልባትም ማስቀረት አልፈለግሁም። ቢኖረኝ ኖሮ ያንን ያማረ ዓረፍተ ነገር ሰርዤ፣ ከላዩ በአንዲት ቃል «ስለፈራሁ» ብዬ ጽፌ፣ ከአባቴ ካርዶች ጋር በአዲስ ላስቲክ አስረው ነበር።